ከጭራ አውታር እስከ ሲንተሳይዘር

የማሲንቆ ተጫዋች መሣሪያውን ሠርቶ የሚያቀርብለት ፋብሪካ አልነበረውም። እንጨቱን ጠርቦ፣ ቆዳውን ወጥሮ፣ የፈረሱን ጭራ መርጦና አበጥሮ አውታር የሚያደርገው ራሱ አዝማሪው ወይም በቅርብ የሚያውቀው ባለሙያ ነበር። ድምፁ አልጥም ሲለው ቆዳውን እንደገና ይወጥረዋል፤ ደጋኑን በዕጣን ያሻል፤ ለጉሮሮው እንዲመቸው አውታሩን ያጠብቃል ወይም ያላላል። ክራርም፣ በገናም፣ ዋሽንትም የዚሁ ዓይነት ታሪክ አላቸው። ሠሪው፣ አዳሹና ተጫዋቹ አንድ ሰው ወይም ጎረቤታሞች ስለ ነበሩ መሣሪያው ለዜማው ይገዛ ነበር።

ይህ ግንኙነት መለወጥ የጀመረው የፋብሪካ መሣሪያ ወደ አገር ሲገባ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡት የናስ መሣሪያዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወጣቶችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከዚያም በክብር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ ሥር የተቋቋሙት ኦርኬስትራዎች ለኢትዮጵያ ጆሮ ሰፊ የድምፅ ዓለም ከፈቱ። ነገር ግን እነዚህ መሣሪያዎች የድምፃቸውን ልክ ይዘው የመጡ ነበሩ። ፒያኖ አንድን ኦክታቭ በ12 እኩል ደረጃዎች ይከፍለዋል፤ ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም በዚያው መሰላል ላይ ስፍራ እንዲፈልጉ ይገደዳሉ። አዝማሪው በጣቱ ጫፍ የሚፈልገውን ረቂቅ ልዩነት የፒያኖ ቁልፍ አያውቀውም።

ሲንተሳይዘር የዚህ ጉዞ የመጨረሻ ምዕራፍ እንደ ሆነ፣ ከመጨረሻም የከፋው እንደ ሆነ ሲነገር ቆይቷል። ባንዶችን የበተነ፣ የናስ ነፊዎችን ሥራ ፈት ያደረገ፣ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ያቀለለ ተብሎ በብዙዎች ዘንድ ይወቀሳል። ክሱ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ የመሣሪያውን ታሪክ ከምንጩ ጀምሮ ለሚከታተል ሰው ሌላ እውነት ይገለጥለታል፤ ይኸውም ሲንተሳይዘር ከፋብሪካ መሣሪያዎች ሁሉ ይልቅ ለማሲንቆው ሠሪ የሚቀርብ መሆኑ ነው። ምክንያቱም ተጫዋቹ ድምፁን ራሱ እንዲሠራውና እንዲለውጠው የሚፈቅድ መሣሪያ ነው።

የአማተሮች ሥራ

ሲንተሳይዘር ድምፁን ከቆዳ ወይም ከአውታር ንዝረት አያገኝም። በውስጡ ያሉት የኤሌክትሪክ ክፍሎች ሞገድ ያመነጫሉ። ሞገዱ በማጣሪያ ሲያልፍ ይለዝባል ወይም ይሳላል። ሌላው ክፍል ደግሞ ድምፁ እንደ ከበሮ ድንገት ተመትቶ እንዲጠፋ፣ ወይም እንደ ዋሽንት ቀስ ብሎ ተነሥቶ እንዲቆይ ይወስናል። ተጫዋቹ እነዚህን ክፍሎች በማዞሪያዎች እየለዋወጠ በገበያ ያልተሸጠለትን ድምፅ ለራሱ ሊፈጥር ይችላል።

መሣሪያው የተወለደውም በትርፍ ጊዜ ሥራ ፍቅር ነው። ስሙ ከሲንተሳይዘር ጋር የተቆራኘው አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ ገና በ14 ዓመቱ ቲረሚን የተባለውን፣ እጅ ሳይነካው በአየር ላይ በሚደረግ እንቅስቃሴ የሚጫወት የኤሌክትሪክ መሣሪያ በቤቱ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1961 የቲረሚን አሠራር በመጽሔት አሳትሞ ዕቃዎቹን ሳይገጣጠሙ ለአማተሮች ሸጠ፤ ገዢዎቹም በየቤታቸው እየበየዱ ገጣጠሙት። እ.ኤ.አ. በ1964 ከሙዚቃ ቀማሪው ኸርበርት ዶይች ጋር በመተባበር የመጀመሪያውን የሙግ ሲንተሳይዘር አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በአንድ ሰው ክንድ የሚታቀፈው ሚኒሙግ ለገበያ ቀረበ። በየአገሩ አሮጌ ሲንተሳይዘሮችን የሚሰበስቡ፣ የሚፈታቱ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሽቦ እየቀጠሉ ሠሪው ያላሰበውን ድምፅ የሚያወጡ አማተሮች የዚያ የቤት ውስጥ ሥራ ወራሾች ናቸው።

ከካይሮ ወደ አዲስ አበባ

ኢትዮጵያ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ጋር የተገናኘችው ሲንተሳይዘር በሱቅ ከመታየቱ በፊት ነበር። ያገናኛትም ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ ግብፃዊ የሙዚቃ ቀማሪ ነው። ሐሊም የተማረው የእርሻ ምሕንድስና ነበር፤ ሙዚቃና የድምፅ ሙከራ የትርፍ ጊዜ ሥራው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1944 በካይሮ ከነበረ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ፣ ሴቶች ለዛር በተሰበሰቡበት ስፍራ ዜማቸውን ቀዳ። ወደ ስቱዲዮ ተመልሶም የቀዳውን ድምፅ አነሣስና አጨራረስ እየለወጠ፣ የገደል ማሚቶ እየጨመረ፣ ከቃሉ ይልቅ የድምፁ ጥላ እንዲሰማ አደረገ። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በተመሳሳይ ዘዴ ለዓለም የታወቀው ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ነበር። ለዚህ ሥራ መነሻ የሆነው ዛር ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ሐሊም ቆይቶ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያና በፕሪንስተን ዩኒቨርስቲዎች የጋራ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማእከል ሠራ። ማእከሉ አንድ ክፍል የሚሞላ ግዙፍ ሲንተሳይዘር ነበረው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ አስተማረ። በዘመኑ እጅግ የረቀቀውን መሣሪያ የሚያውቅ ሰው በመሆኑ ከእርሱ የሚጠበቀው የማሽን ሙዚቃ ነበር። እርሱ ግን ክራርን፣ ማሲንቆን፣ በገናን፣ ዋሽንትንና እምቢልታን በአንድ መድረክ አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ1963 «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን መሠረተ። የየብሔረሰቡና የየአውራጃው መሣሪያዎች ቀድሞ በየራሳቸው አጋጣሚ ይሰሙ ነበር እንጂ እንዲህ ባለ ጉባኤ አይገናኙም ነበር። በስቱዲዮ የተለያዩ ሞገዶችን ማዋሐድ የለመደ ጆሮ የጭራን፣ የጅማትንና የሸምበቆን ድምፅ እንዲሁ አዋሐደ። ኦርኬስትራውን እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1975 የመራው ተስፋዬ ለማ ሥራውን አስፋፍቶ ለትውልድ አቆየው።

ኦርጋኑ፣ አኮርዲዮኑና ሙጉ

ሲንተሳይዘርን በኢትዮጵያዊ ዜማ በመግራት ረገድ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው ኃይሉ መርጊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በሸዋ ተወለደ። በ10 ዓመቱ ወደ አዲስ አበባ መጣ። አኮርዲዮን መጫወትን ከአስተማሪ ሳይሆን በራሱ ጥረት ተማረ፤ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍልም አገልግሏል። በዚያ ዘመን አኮርዲዮን በአዲስ አበባ ተወዳጅ መሣሪያ ነበር። የኤሌክትሪክ ኦርጋን ከመጣ በኋላ ግን አኮርዲዮን ከመድረኩ እየተገፋ ሄደ፤ ኃይሉም እንደ ሌሎቹ ወደ ኦርጋኑ ተሻገረ።

በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋሊያስ ባንድ በኃይሉ ኦርጋን ዙሪያ ስሙን ገነባ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የተሰኘው ሸክላ ከዘፋኝ ይልቅ መሣሪያን ያስቀደመ ሥራ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» ከጊዜ በኋላ በብዙ አገሮች ባንዶች ተደጋግሞ ተጫውቷል። በሚቀጥለው ዓመት ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን አወጣ። በነዚህ ሥራዎች ኦርጋኑ የዘፋኙን ስፍራ ይዞ ይናገራል። ጣቶቹ በአንድ ቁልፍ ላይ ሳይረጉ ወደ ጎረቤት ድምፅ እየሸራተቱ፣ ማሲንቆ በአውታር ላይ የሚያደርገውን ልቅሶና ውልብልቢት ለማምጣት ይጥራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋሊያስ ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ ሄደ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ አባላት ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ኃይሉን ጨምሮ ሌሎቹ በዚያው ቀሩ። ሙሉ ባንድ ከጎኑ የነበረው ሰው አሁን በዋሽንግተን ከተማ ከጥቂት ጓደኞችና ከመሣሪያዎቹ ጋር ብቻውን ቀረ።

በ1985 እ.ኤ.አ. በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ያደረገው ሥራ ከዚህ ብቸኝነት የተወለደ ነው። ኃይሉ ጥንት የጣለውን አኮርዲዮን አነሣ። ከጎኑም ሮድስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ የሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ዲ.ኤክስ.7ንና ከበሮ የሚመታ ማሽን አሰለፈ። ዲ.ኤክስ.7 ከሁለት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1983፣ ገበያ የወጣ ነበር። አሠራሩ የተመሠረተው ጆን ቻውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1967 በስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ በደረሰበት፣ አንዱን ሞገድ በሌላው ሞገድ በማርገብገብ አዲስ ድምፅ በሚያወጣ ዘዴ ላይ ነው። በዓለም ዙሪያ ከ150 ሺህ በላይ ስለ ተሸጠና አብዛኛው ተጫዋች ፋብሪካው ባስቀመጠለት ድምፅ ስለ ረካ፣ በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ ዘፈኖች ወንድማማች ይመስላሉ። ኃይሉ ግን የሙጉን ወፍራም ድምፅ ለመሠረት፣ የዲ.ኤክስ.7ን ጥርት ያለ ደወል ለጌጥ፣ ሮድሱን ለመደገፊያ አድርጎ በመካከላቸው አኮርዲዮኑን አስቀመጠ። «ሸሞንሟናዬ»ን የመሳሰሉ የቆዩ ዜማዎች በዚህ መልክ ወጡ።

እዚህ ላይ የታሪክ ምፀት አለ። አኮርዲዮንን ከአዲስ አበባ መድረክ ያስወጣው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነበር። ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ አኮርዲዮኑን መልሶ ያስገባው፣ ባንድ ሳይኖረው አጃቢ የሰጠው፣ ደግሞ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሆነ። ማሽኑ የጥንቱን ድምፅ እንዲሸከም ያደረገው የአንድ ሰው ናፍቆትና ምርጫ ነው።

ሥራው በካሴት ተባዝቶ ኢትዮጵያ ደረሰ፤ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ተዘነጋ። ኃይሉ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን የታክሲ ሾፌር ሆኖ ሠራ። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው የዕቃ ሣጥን ውስጥ እየያዘ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ተራውን ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ይህንን ሥራ በባሕር ዳር ከተማ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። አንድ ሰብሳቢ በፍቅር የያዛት ካሴት የአንድን ከያኒ ሁለተኛ ዕድሜ ከፈተች ማለት ነው።

የባንዶች መበተን

ኃይሉ በዚህ ዓይነት ሥራ ብቻውን አልነበረም። በዚያው በዋሽንግተን ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታና ሄኖክ ተመስገን የነበሩበት አድማስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1984 «የኢትዮጵያ ልጆች» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ስም የሰጠውን አልበም አወጣ። ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን በኢትዮጵያ ቅኝት እየተመሩ ከሌሎች አገሮች ስልት ጋር የተነጋገሩበት ይህ ሥራ በ2020 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ ብዙ አድማጭ አግኝቷል።

በአገር ቤት ግን የባንዶች ዕድል የተለየ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የተደነገገው ሰዓት እላፊ የምሽት ክበቦችን ገበያ አቀዘቀዘ። ሸክላ ማሳተም እየቀረ በካሴት ተተካ። ብዙ ሙዚቀኞች ወደ ውጭ ወጡ። ካሴት አሳታሚው ለአሥር ሰው ከመክፈል ለአንድ የኪቦርድ ተጫዋች መክፈልን መረጠ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በተከታዩ ዓሥር ዓመት እ.ኤ.አ. ሳክስፎኑንም፣ መለከቱንም፣ ባሱንም፣ ከበሮውንም አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ የሚተካበት አሠራር ተስፋፋ።

ስለዚህ በክሱ ላይ ፍርድ ሲሰጥ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። አንደኛው፣ ጉዳቱ እውነተኛ ነው። በኦርኬስትራ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ከአንጋፋው የሚማሩ ወጣት ነፊዎች ትምህርት ቤታቸውን አጡ፤ ይህንን ጉድለት ማንም ማሽን አልሞላውም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል በሙዚቃም ይሠራል። ሁለተኛው፣ የጉዳቱ ምንጭ ማሽኑ ብቻ አይደለም። ሰዓት እላፊው፣ ስደቱና የካሴት ንግዱ ባንዱን አስቀድመው አዳክመውት ነበር፤ ኪቦርዱ የመጣው በተለቀቀው ወንበር ላይ ለመቀመጥ ነው። ከተቀመጠም በኋላ ድምፁ የገረጣው፣ ተጫዋቹ ፋብሪካው የሰጠውን ድምፅና ምት ሳይነካ ስለ ተቀበለ ነው። ያንኑ ማሽን ኃይሉ መርጊያና አድማስ ሲይዙት ሌላ ቋንቋ ተናግሯል።

ክራሩ በቤተ ሙከራ

መሣሪያን ለዜማ የማስገዛት ሐሳብ ከሲንተሳይዘር ወደ ክራርም ተመልሷል። በጅማ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎንንና የኤሌክትሪክ ኪቦርድን በኢትዮጵያ ቅኝት በማጫወት ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ስልት አቆመ። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርስቲ ተመራማሪ ሆኖ ሠራ፤ በኤም.አይ.ቲ. የቴክኖሎጂ ተቋምም ክራርን አሻሽሎ ለዛሬው መድረክ የሚስማማ ለማድረግ ከባለሙያዎች ጋር መክሯል። ክራር በአምስት ወይም በስድስት አውታሮቹ በአንድ ጊዜ የሚቃኘው በአንድ ቅኝት ነው፤ ወደ ሌላ ቅኝት ለመሻገር ተጫዋቹ አውታሩን እንደገና መቃኘት አለበት። እንዲህ ያለው ችግር እንደ ድሮው አዝማሪ መሣሪያውን ራሱ በሚነካካ ሰው እንጂ ክራሩን ጥሎ ጊታር በሚገዛ ሰው አይፈታም። በባህል ቡድኖች ዘንድ ክራሩ ድምፅ ማንሻ ተገጥሞለት፣ መሪ ክራርና ባስ ክራር ተብሎ መከፈሉም የዚሁ የማሻሻል ሥራ ፍሬ ነው።

ሙላቱ ደጋግሞ የሚያነሣው ሌላው ምሳሌ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኘው የደራሼ ሕዝብ ፊላ ነው። ፊላ በብዙ ሰዎች የሚነፋ የዋሽንቶች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ነፊ ጥቂት ድምፅ ብቻ ይይዛል፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም በየተራቸው ሲገቡ ነው። የድምፆቹ አደራደር በዘመናዊ ጃዝ ከሚታወቀው ዲሚኒሽድ ስኬል ጋር እንደሚቀራረብ ሙላቱ ያስረዳል። በደገኛው አካባቢም እምቢልታ በዚህ ዓይነት ትብብር ይነፋል። ሲንተሳይዘር የብዙ ሰዎችን ድምፅ በአንድ ሰው እጅ ሲያደርግ፣ ፊላ አንድን ዜማ ለብዙ ሰዎች ያከፋፍላል። ፊላን በኪቦርድ መተካት ስለማይቻል፣ ለፊላ ሊውል የሚችል ማሽን አድማጩን ወደ ነፊዎቹ የሚመልስ፣ ድምፃቸውን በልኩ የሚይዝ ማሽን ብቻ ነው።

ከፊት ያለው ሥራ

ጉዳዩ የዋሽንግተንና የአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች ብቻ አለመሆኑን ለማየት ከደራሼ ጋር በአንድ ክልል የሚገኘውን የጌዴኦ ዞን መመልከት ይበቃል። በጌዴብ ወረዳ ያለችው ባንኮ ጎቲቲ በቡናዋ ትታወቃለች። የአካባቢው ቡና ቀድሞ ይርጋ ጨፌ በሚለው የወል ስም ከሌላው ጋር ይጠራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የባንኮ ጎቲቲ ቡና ሳይደባለቅ በራሱ ስም እስከ ውጭ ገበያ ደርሷል። ልዩ ጣዕሙ የታወቀውም ለብቻው ስለ ተያዘ ነው። ጌዴኦዎች እንሰትን፣ ቡናንና አገር በቀል ዛፎችን አዋሕደው የሚያለሙበት መልክአ ምድርም እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የድምፅ ቅርስም ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ይሻል። በደራሮ በዓል የሚዜመው፣ በሥራ ላይ የሚወጣው፣ በሰርግ የሚወረደው ዜማ በፋብሪካ ምት ላይ ከተጫነ በየትኛውም ከተማ ከሚሰማ ዘፈን የማይለይ ይሆናል። በዲላም ሆነ በባንኮ ጎቲቲ አንድ ወጣት ኪቦርድ ገዝቶ የሽማግሌዎችን ዜማ ለማጀብ ቢነሣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ሥራ ዜማውን መቅዳት፣ ደጋግሞ ማድመጥና የማሽኑን ድምፅ ወደ ጉሮሯቸው ማስጠጋት ነው። አብዛኛው ኪቦርድ ድምፁን ከፍና ዝቅ ማድረጊያ አለው፤ ብዙዎቹም የድምፁን መነሻና መድረሻ መለወጥ ይፈቅዳሉ። መምህሩ ይህንን ለተማሪው ካሳየ፣ የባህል ሠራተኛው የተቀዳውን ድምፅ በሥርዐት ካስቀመጠ፣ ከያኒው ያለቀለት ድምፅ ከመቀበል ከተቆጠበ መሣሪያው ለዜማው ያገለግላል።

አዲሱ ትውልድ ይህንን መንገድ ጀምሮታል። እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉን የመሳሰሉ የአዲስ አበባ ወጣቶች የባህል መሣሪያዎችንና የሕዝብ ዜማዎችን ከኮምፒዩተርና ከሲንተሳይዘር ጋር በማዋሐድ የራሳቸውን የኤሌክትሮኒክ ስልት አቅርበዋል፤ የሚካኤል «ዘላለም» እ.ኤ.አ. በ2016 ውጭ አገር ታትሞ ወጥቷል።

ማሲንቆ ሠሪው ቆዳውን ሲወጥር፣ ሐሊም ኤል ዳብ የዛሩን ድምፅ በሽቦ ሲያጣራ፣ ኃይሉ መርጊያ ከሙጉ አጠገብ አኮርዲዮኑን ሲያነሣ የሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ሁሉም በጆሯቸው ያለውን ዜማ እስኪያወጣላቸው ድረስ በእጃቸው የገባውን መሣሪያ ለውጠውታል። የሚመጣው መሣሪያ ምንም ዓይነት ይሁን፣ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ የሚበጀው በዚህ ጆሮ ሲያዝ ነው። ያ ጆሮ የሚሠለጥነውም ዜማው በሚዜምበት ስፍራ፣ በዜመኞቹ አጠገብ ነው።